ስለት ሰሚዋ አራት በአራት

እኔ በሕይወቴ ሁለት ነገር አሳምሬ እችላለሁ፤ መቁጠርና መቸኮል። መቁጠሩን ዩኒቨርሲቲ አስተማረኝ፤ መቸኮሉን ግን ከእናቴ ማሕፀን ይዤው ነው የወጣሁት። አሁን የማጫውታችሁ ጣጣ የመጣብኝ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሳ ላይ፣ ያውም በባዶ እግሬ ስላደረግኋቸው ነው።

ሥራዬ የግብርና መረጃ መሰብሰብ ነው፤ በኮንትራት። ኮንትራት ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሰው «ሥራ ይዘሃል?» ሲላችሁ «አዎን» ካላችሁ በኋላ ትንሽ የምታስሉበት ዓይነት ሥራ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይጀምራል፤ ጥር ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ይታደሳል አይታደስም እያላችሁ እስከ ክረምት ትከሳላችሁ።

ድሮ የገበሬው ምርት የሚታወቀው በግምት ነበር። አንድ ሰው ዋርካ ሥር ይቀመጥና ቀበሌውን በዓይኑ ቃኝቶ፣ የቀረበለትን ጠላ ጠጥቶ፣ «እንግዲህ ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ ይጽፋል። ግምቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በግምቱ ልክ ዘር ወደ ታች ይወርዳል። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አንድ ደጋ ቀበሌ አለ። አንድ ዓመት ለዚያ ቀበሌ የበቆሎ ዘር ወረደለት። በቆሎው ሁለት ቅጠል አውጥቶ አገሩን አየና ተመልሶ ገባ።

በኋላ ይብቃ ተባለና ዘመናዊ አሠራር መጣ። ለእያንዳንዳችን ታብሌት ታደለን፤ ዐሥር ቀን ሠለጠንን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ታብሌቱ ዕጣ ያወጣል። ከቀበሌው አንድ ገበሬ፣ ከገበሬው አንድ ማሳ፣ ከማሳው ደግሞ አንዲት ቦታ ይመርጣል። «በዚህ በኩል ይህን ያህል እርምጃ ሂድ፣ ወደ ውስጥ ይህን ያህል ግባ» ይላል። እዚያ ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር ለክቶ፣ አራት ችካል ተክሎ፣ ዙሪያውን በሲባጎ አጥሮ መሄድ ነው። ሰብሉ ሲደርስ እኔው ራሴ ተመልሼ አጭዳለሁ፣ እወቃለሁ፣ እመዝናለሁ። የተገኘው በስድስት መቶ ሃያ አምስት ሲባዛ የሄክታሩ ምርት ይወጣል። ሌላ ሰው ከነካት ናሙናዋ ተበላሸች። በቀኑ ካልተመዘነች ደግሞ ታብሌቱ ዜሮ ይመዘግባል። ያ ቀበሌ በስንዴ ዜሮ ከሆነ፣ ለከርሞ የስንዴ ምርጥ ዘር ለምን ይላክለታል? በቆሎ ይሞከርለታል እንጂ።

በዚያ ደጋ ቀበሌ ዕጣው የወጣው ለአያ ድረስ ነው። አያ ድረስ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ፣ ሲናገሩ ቃሉን እንደ ዘር መርጠው የሚጥሉ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው እትየ ውድነሽ ደግሞ ሳይመርጡ ነው የሚጥሉት።

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ አያ ድረስ፣ ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ። «አምና በመስመር ዘርቼ፣ በእጄ አርሜ ያገኘሁትን ያ ዋርካ ሥር የተቀመጠው ሰው በዓይኑ ቆረጠብኝ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያለኝ ይጻፍ። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«ታብሌት አይዋሽም፣ አያ ድረስ» አልኋቸው ደረቴን ነፍቼ።

«እሱስ ባይዋሽ፤ ያዡ ነው እንጂ» አሉ እትየ ውድነሽ ከጓዳ።

ወደ ማሳው ወጣን። ስንዴው ገና መልኩን ሊለውጥ ሲል ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ስለዋጠብኝ ጫማዬን አወለቅሁ። የተሰጠኝን ሲባጎ መካነ ኢየሱስ ከተማ አውቶቡስ ላይ ረስቼው ስለነበር እትየ ውድነሽ ከእንዝርታቸው ላይ ነጭ ፈትል አወጡልኝ። ታብሌቱ «ሃያ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ዐሥራ ሰባት ወደ ውስጥ» አለ። ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ እያንሾካሾክሁ መቁጠር ጀመርሁ፤ ዓይኔን ጨፈን፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ። ሃያ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ኮሸሽላ እግሬን ወጋኝ። «በስመ አብ!» ብዬ አማተብሁ። ከዚያ ተንበርክኬ አንዱን ችካል መታሁ፤ ተነሥቼ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ሄድሁና ደግሞ ተንበረከክሁ። እንዲህ እያልሁ አራቱንም ማዕዘን ተንበርክኬ ዞርሁ። ነጩን ፈትል ስጠመጥም ከማዶ ሽምብራ የሚያርሙ ሴቶች ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ይብስብኛል፤ ድምፄን ጎላ አድርጌ፣ እጄን ወደ ካሬዋ ዘርግቼ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህችን መሬት ሰውም ሆነ እንስሳ አይንካት! የነካት ጉዱ ይፈላል!» አልሁ።

ሥልጠናው ላይ «ለገበሬው በትሕትና አስረዱት» ነበር የተባልነው። ጉዱ ይፈላል የምትለዋን የጨመርኋት ከራሴ ነው።

በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብዬ ሄድሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ እኔ ቸኩዬ የእስቴን ሥራ ልጨርስ ስል የሦስት ማሳ መረጃ በአንድ ስም አስገባሁና መልሼ ዞርሁ። ከዚያ ወደ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አካባቢ፣ ተላክሁ፤ እዚያ ደግሞ እግሬ ወለም አለኝ። ወጌሻው አሽቶኝ ሲያበቃ የታብሌቱ ባትሪ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ሁለት ሳምንቷ አምስት ሆነች።

ወደ አያ ድረስ ቀበሌ የተመለስሁት ከገብርኤል በዓል ሁለት ቀን አስቀድሜ ነው። ጋራውን ወጥቼ ቁልቁል ሳይ ማሳው ሁሉ ታጭዷል። የአያ ድረስ ስንዴ ክምር ሆኗል። ከተላጨው ማሳ መካከል ግን የእኔ አራት በአራት ብቻዋን ቆማለች። የእኔ ናት ማለቴ፣ ፈትሏ የእኔ ነው፤ ዙሪያዋን የታጠረውን የግራር እሾህ፣ በአንዱ ማዕዘን የተተከለውን የቤተ ክርስቲያን ጥላ፣ በችካሎቹ ራስ ላይ የተለኮሱትን የጧፍ ቁራጮች ግን አላውቃቸውም። አንዲት ሴትዮ አጠገቧ ደርሰው እጅ ነሡና ነጠላቸውን አስተካክለው አለፉ።

አያ ድረስ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁኝ።

«መጣህ?» አሉ። «በእኔ ማሳ ላይ ታቦት ተክለህ የት ሄድህ?»

ነገሩ ይህ ነበር። ወንፈሉ ተራው ሲደርስ ሰው ሁሉ ወጥቶ ማሳውን አጨደ። እዚህች ጋ ሲደርሱ አያ ድረስ «ይህችን ተዉአት፣ አትነካም ተብሏል» አሉ። ማን አለ ሲባል እኒያ ማዶ ሽምብራ ሲያርሙ የነበሩት ሴቶች ያዩትን ተናገሩ፤ አንድ ሰው በባዶ እግሩ መጥቶ፣ እየደገመ፣ እያማተበ፣ በአራቱ ማዕዘን እየሰገደ በነጭ ፈትል እንዳጠራት። ገበሬ ከማሳው ቁራጭ ለይቶ ለታቦት መሳል የቆየ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልገረመውም። የገረማቸው ኋላ የሆነው ነው። ከብት ቃርሚያው ላይ ሲለቀቅ በሬዎቹ እየጋጡ መጥተው፣ ካሬዋ ጫፍ ሲደርሱ አሽትተው፣ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ! የቆመ ስንዴ ጥሎ የሚሄድ በሬ ማን አይቶ ያውቃል?

በማግስቱ እትየ ጥሩ የሚባሉ ጎረቤት ዶሯቸው ጠፍታባቸው ለካሬዋ አንድ እፍኝ ስንዴ ተሳሉ። ዶሮዋ ከሰዓት በኋላ በእግሯ መጣች። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ያልተሳለ ሴት የለም፤ ሁሉም አንድ አንድ እፍኝ።

«ታዲያ እርስዎ አይነግሯቸውም?» አልኋቸው።

«ነገርኋቸው። ‹ድረስ ስለቱን ሊበላ ነው› ብለው ሰላምታ ነሱኝ።»

ኔትወርክ የሚገኘው ጋራው ጫፍ ላይ ስለሆነ ወጥቼ ለአስተባባሪያችን ደወልሁ። ሁኔታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት።

«የተቀደሰ ናሙና የሚል አማራጭ ፎርሙ ላይ የለም» አለኝ። «ከገብርኤል ማግስት ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ክብደቱ ካልገባ ሲስተሙ ራሱ ዜሮ ያደርገዋል። አንተም ታውቃለህ፣ ኮንትራት የሚታደሰው ፎርሙ ላይ ባዶ ቦታ ላልተወ ሰው ነው።»

በማግስቱ ሴቶቹን ሰብስቤ ስለ ናሙና፣ ስለ ዕጣ፣ ስለ ሄክታር አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። በደንብ አዳመጡኝ። ሲያበቃ እትየ ጥሩ «እና መቼ ነው ደግመህ የምትሰግድላት?» አሉኝ።

አያ ድረስ ያን ቀን እራት አልበሉም። «ዜሮ?» ይላሉ ቆይተው ቆይተው። «አርባ ዓመት አርሼ፣ ዜሮ?» ሰው ራሱን ይዞ እንዲህ ሲል መስማት ከባድ ነው። ጥፋቱም የእኔ ስለነበር ዓይናቸውን ማየት አፈርሁ።

ታዲያ ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነና ዕቅድ አወጣሁ። በገብርኤል ዕለት አገር ምድሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኔ ማጭዴን ይዤ ብገባ ዐሥራ ስድስት ካሬ ሜትር ለማጨድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በበዓል ቀን ማጨድ በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት ይሏችኋል፤ እኔ ጸሎቱንም ትቼው ቅስፈቱን ብቻ ነው የመረጥሁት።

እሾሁን ተሻግሬ ገባሁ። ተንበርክኬ የመጀመሪያዋን ጭብጥ ይዤ ማጭዴን ላሳርፍ ስል እልልታ ሰማሁ። ቀና ብል ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ወደ እኔ እየመጡ ነው! ለካ ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ከገባ በኋላ ካሬዋን ሊሳለሙ ተቀጣጥረዋል። መሮጫ የለም፤ ማሳው ራስ ምታት እስኪያስይዝ ድረስ የተላጨ ነው። ያለኝ ምርጫ አንድ ብቻ ነበር። ስንዴው መካከል በሆዴ ተለጠፍሁ። ሆዴ ሥር አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ሲል ተሰማኝ፤ ምን እንደሆነ ለማየት አልተንቀሳቀስሁም።

መጥተው ከበቡኝ። ጧፍ ሸተተኝ። አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ምራቷን፣ አንዷ ደግሞ የጎረቤቷን ምራት ለካሬዋ ነገረች። የሰው ገመና እንዲህ በነፃ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ፈርቼ ስለነበር በሆዴ አንድ ነገር አልሁ፤ ምን እንዳልሁ በኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ የእትየ ጥሩ ድምፅ ራሴ ላይ መጣ።

«ዶሮዬን መልሰሽልኛል፣ እሰይ። አሁን ደግሞ ያች ከይሲ የት እየሄደች እንቁላሏን እንደምትጥል አሳይኝ። ምልክት ስጪኝ!»

የስንዴው ጢም አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ከቆየ ሰንብቷል። አነጠስሁ።

ከዚያ አንዲት ጨዋ ሴትዮ ቀስ ብለው፣ በአክብሮት፣ «ይማርዎ» አሏት ካሬዋን።

የዳንሁት ወይም የጠፋሁት በየኔታ ነው። የኔታ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የተመለሱ፣ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው የሚያሰሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሴቶቹን ሊገሥጹ ከአያ ድረስ ጋር ተከትለዋቸው መጥተው ነበር። በመቋሚያቸው ስንዴውን ወዲያና ወዲህ ገለጥ አደረጉና ቁልቁል አዩኝ።

«ተነሥ» አሉ። «ስንዴ አያስነጥስም።»

ተነሣሁ። በአንድ እጄ ማጭድ፣ ሸሚዜ ላይ ደግሞ ከደረቴ እስከ ወገቤ የእንቁላል አስኳል። በጾም! እኔ የተኛሁት የእትየ ጥሩ ዶሮ ጎጆ ላይ ኖሯል። ለነገሩ በአገሩ የቀረ የቆመ ስንዴ ያ ብቻ ነው፤ ዶሮ ሌላ የት ትግባ? ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት እትየ ጥሩ እልልታቸውን ለቀቁት። «ሰማችኝ! አፌን ሳልዘጋ አሳየችኝ!» የተረፉትን ሦስት እንቁላሎች እየለቀሙ እግሬን ሊስሙ ሁሉ ቃጣቸው።

«በቃ!» አሉ የኔታ፣ መቋሚያቸውን መሬት መትተው። «ስለት የሚሰማው እግዚአብሔር ነው፤ ማሳ አይደለም። ለመሆኑ ይህችን ስንዴ የተሳለ ማነው? አንተ ነህ?»

«ኧረ የለሁበትም፣ የኔታ።»

«ድረስ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ የተሳልሁት እንዲህ ዓይነት ሰው ዳግመኛ እንዳይመጣብኝ ነው» አሉ አያ ድረስ።

«በሬዎቹስ?» አለ ከሴቶቹ አንድ ድምፅ። «በሬዎቹ ለምን ዞሩ?»

እዚህ ላይ እትየ ውድነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ። ከብት እንዳይበላት ብዬ ጫፍ ጫፉን እበት ቀብቼው ነበር። ቆጣሪው ሰውም እንስሳም አይንካት ብሎ ሲጮህ ሰምቼ። ምን ላድርግ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳንዶቹ ችካሉን ከሳሙ ገና አንድ ሰዓት አልሞላቸውም ነበር፤ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

የኔታ ፍርድ ሰጡ። «ስለት የለም፤ ዕጣ ግን አለ። ዕጣ ከወደቀበት ይፈጸማል። ነገ ይታጨድ፣ ይመዘን። እበት ስለነካው ለመገበሪያ አይሆንም፤ ከተመዘነ በኋላ ለተማሪዎቼ ንፍሮ ይሁን። አንተ ደግሞ በመልአኩ በዓል ማጭድ ይዘሃልና መቶ ትሰግዳለህ። ቁጥሩን ለራስህ ትቼልሃለሁ፤ መቁጠር ሥራህ ነው።»

መቶ አራት ሰገድሁ። ከመካከል ጠፍቶብኝ ነው።

በማግስቱ ጧት አጨድሁ፤ ከቀትር በፊት ቁርበት ላይ በዱላ ወቅቼ፣ እትየ ውድነሽ በሰፌድ አበጥረውልኝ፣ ጥርት ያለ ስንዴ ወጣ። ሚዛኑን ከአንድ ግራር ቅርንጫፍ ላይ ለመስቀል ጀርባዬን ሰጠሁ። ጀርባዬን መስጠት አልነበረብኝም። ዞር ስል ሴቶቹ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ከነጠላቸው ጫፍ አንድ አንድ እፍኝ ስንዴ እየፈቱ ቁርበቱ ላይ ይበትናሉ!

«ኧረ ምን እያደረጋችሁ ነው?!»

«የተሳልነውን ነዋ» አሉ እትየ ጥሩ። «የኔታ ለተማሪዎቹ ይሁን ብለዋል፤ እኛ የተሳልነውን ይዘን ወደ ቤት እንመለስ?»

መዘንሁት። ዐሥር ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። እኔ ታብሌቱ ላይ ጣቴን እስካሳርፍ ከማሳው ዳር ዋርካ ሥር የተቀመጡት የኔታ ሰማይ ሰማይ አዩና «በሄክታር ስድሳ ሰባት ኩንታል ተኩል» አሉ። ታብሌቱ በተራው አስቦ ያንኑ አመጣ፤ ከሥሩ በቀይ «ከሚጠበቀው በላይ ነው። እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጻፈ። አዎ የምትል ቁልፍ ነበረች። ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች፣ ጋራው ሩቅ ነው፣ ኮንትራቴ ቁልፏ ላይ ተቀምጧል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣቴ ሄዶ ነበር። ዜሮ ከመሆን ስድሳ ሰባት አይሻልም?

አያ ድረስ እጄን ያዙኝ።

«ዜሮ ብትል ‹ድረስ ሰነፍ ነው› ይላሉ። ስድሳ ሰባት ብትል ‹ድረስ ጠግቧል፣ ዘሩ ለሌላ ይሂድ› ይላሉ። ሁለቱም እኔ አይደለሁም። መጀመሪያ ምን አልሁህ? ያለኝን ጻፍልኝ።»

ያን ጊዜ ያፈርሁት ማፈር ሸሚዜ ላይ ከነበረው አስኳል ይብሳል። ግን የተደባለቀ ስንዴ እንዴት ይለያል? የሰው እፍኝ መልክ የለው።

የኔታ ዋርካው ሥር እንደተቀመጡ መቁጠሪያቸውን አነሱ። ለካ ሴቶቹ ሲበትኑ በእያንዳንዷ እፍኝ አንድ አንድ ፍሬ ሲያሳልፉ ነበር። «ሠላሳ» አሉ። «የአንዷን እፍኝ ብናውቅ የሠላሳውን እናውቃለን።»

«የማንን እፍኝ?» ጠብ ተነሣ። አንዷ እጀ ሰፊ ናት፣ አንዷ ቆጣቢ፤ የእገሊት ይመዘን የእገሊት አይመዘን ሆነ።

«ዕጣ ጣሉ» አሉ የኔታ። «አምስት ሴት ትውጣ። የአምስቱ ይመዘንና ይካፈል።»

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህን እኮ ነው ዐሥር ቀን ሙሉ በስላይድ ያሠለጠኑን! ሠላሳ ሰንበሌጥ ተቆረጠ፤ አምስቱ አጠር ተደረጉ፤ ሴቶቹ መዘዙ። ዕጣው ከወጣላቸው አንዷ እትየ ጥሩ ነበሩ። ከአያ ድረስ ክምር አጠገብ ከነበረ የስንዴ ጆንያ ሁለት እጃቸውን ሰድደው እስኪፈስ ድረስ ዘገኑ።

«አንቺ ሴት!» ጮኹ እትየ ውድነሽ። «አሁን የሰጠሽው ይህን ያህል ነው? ለዶሮ ተስለሽ የበሬ ትዘግኛለሽ? ፍሬ ፍሬውን ቆጥረሽ ስትጥይ አይቼሻለሁ!»

እትየ ጥሩ ሳቅ እያመለጣቸው መለሱ፣ መለሱ፣ እውነተኛዋ እፍኝ ላይ ደረሱ። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ አስፍቶ እንደሚመልስም ሥልጠናው ላይ ተምረን ነበር፤ ማስተካከያው እትየ ውድነሽ እንደሆኑ ግን አልነገሩንም።

አምስቱ እፍኝ አንድ ኪሎ ሆነ። የሠላሳው ስድስት። ከዐሥር ኪሎ ከስምንት መቶ ስድስቱ ሲወጣ አራት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ቀረ። «ሠላሳ ኩንታል» አሉ የኔታ፣ ታብሌቱን ሳይጠብቁ።

አያ ድረስ ክምራቸውን አዩ፣ ማሳቸውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ወለም ብሎ በነበረው እግሬ ጋራውን እየሮጥሁ ወጣሁ። ፀሐይዋ ግማሽዋ ገብታ ነበር መረጃው «ተልኳል» ያለው። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ክረምቱ ሲገባ አያ ድረስ ከዚያው ጋራ ጫፍ ደወሉልኝ። ለቀበሌው የስንዴ ምርጥ ዘር መጥቷል፤ በልኩ፣ በወቅቱ፣ አንድም የበቆሎ ፍሬ ሳይኖርበት። ደስታዬ ወሰን አጣ። «እሰይ! ሕዝቡ ምን አለ?» አልኋቸው፣ ስሜ እስኪነሣ እየጠበቅሁ።

«ሴቶቹ ተመስገን ብለዋል።»

«እኔን?»

«ካሬዋን» አሉ።

አልተከራከርሁም። አለመከራከሬ ደግሞ ምክንያት አለው። በገብርኤል ዕለት እንቁላሉ ላይ ተኝቼ በሆዴ ያልሁትን ልንገራችሁ ብዬ አልነበር? «ከዚህ በሰላም ብወጣ፣ ኮንትራቴም ከታደሰ፣ አንድ ጥላ አገባለሁ» ነው ያልሁት። ለማን እንዳልሁ እንኳ በችኮላ አልወሰንሁም። ኮንትራቴ ታደሰ። የኔታን ሳማክራቸው «ለቤተ ክርስቲያን ስጥና ንስሐ ግባ» አሉኝ። ደግ። ጥላውን ገዝቼ፣ ዘንድሮ ለሥራ ስሄድ በዚያው ላደርስ ይዤው ወጣሁ።

ታብሌቱ በዚያው ቀበሌ አዲስ ዕጣ አወጣ፤ የዘንድሮው ማሳ የእትየ ጥሩ ነው። አርባ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ዘጠኝ ወደ ውስጥ። ከአምና ተምሬያለሁ። ጫማዬን አላወለቅሁም። አላንሾካሾክሁም። ኮሸሽላ ቢወጋኝም አላማተብሁም። ሲባጎዬ አረንጓዴ ነው። ቀጥ ብዬ፣ እንደ መንግሥት ሠራተኛ፣ ችካሌን መታሁ፤ ሁለት እጄ እንዲፈታ ብቻ ያን ባለ ዘርፍ ጥላ ከብብቴ አውጥቼ አጠገቤ መሬት ላይ ተከልሁት።

ከማዶ እልልታው ቀለጠ።